ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የትኛው የዩአይ/ዩኤክስ ኮርስ ይሻላል? የዶላር ካርድም ጥሩ ላፕቶፕም የለኝም

ሕሊና_ሐዋሳ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዩአይ/ዩኤክስ ዲዛይን (አፕና ድረ ገጽ ምን እንደሚመስልና ለተጠቃሚው እንዴት እንደሚመች መንደፍ) መማር ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። አሁን ሐዋሳ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ኮድ አልችልም፣ ሥዕልም አልሥልም። ግን ቀኑን ሙሉ የምውለው የመሥሪያ ቤታችን ሲስተም ላይ ስለሆነ፣ ይሄ ቁልፍ ምን ሊያደርግ እዚህ ተቀመጠ፣ አንድ ደረሰኝ ለመመዝገብ ለምን ይሄን ሁሉ ገጽ እከፍታለሁ እያልኩ፣ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል ወረቀት ላይ ስሞነጫጭር ነው የምውለው። አንዷ ጓደኛዬ አየችና ይሄ እኮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ሰው ይከፈልበታል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

ዩቲዩብ ስገባ መዓት ነው። አንዱ በፊግማ (ስክሪን በሚነደፍበት ፕሮግራም) ጀምሩ ይላል፣ ሌላው ፊግማን ተዉት መጀመሪያ ሪሰርች (ተጠቃሚውን ማጥናት) ይላል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ በአንድ ወር ዲዛይነር ሆናችሁ በዶላር ትከፈላላችሁ እያሉ ኮርስ የሚሸጡ አሉ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። የጉግል ሰርተፍኬት የሚባለው ይጠቅማል? የዶላር ካርድ ከሌለኝስ እንዴት ይሆናል? ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጂቢ ነው፣ ይችላል? እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ቶሎ ቶሎ ሲያወሩ ግን ያመልጠኛል። ጊዜ የማገኘው ማታ ማታና እሁድ ነው። አመሰግናለሁ።

ናቲ_ዲዛይን

እንኳን ደህና መጣሽ ሕሊና። እኔ አዲስ አበባ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ፕሮዳክት ዲዛይነር ነኝ፣ ጀማሪ ስንቀጥር ፖርትፎሊዮ (የሠሩትን የሚያሳዩበት ስብስብ) ከሚያዩት ውስጥም አለሁበት። ስለዚህ ከሁለቱም በኩል የማየውን ልንገርሽ።

የጉግሉ ኮርስ ይጠቅማል። ኮርሴራ የሚባል የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ነው ያለው፣ በ2021 ነው የወጣው፣ ምንም ለማያውቅ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። ዲግሪም ልምድም አይጠይቅም። በሳምንት ከ10 ሰዓት በታች እያጠናሽ ወደ ስድስት ወር ይፈጃል ነው የሚሉት፣ ማታና እሁድ ለሚያጠና ሰው ትንሽ ረዘም ሊል ይችላል። ጥሩ ጎኑ ቅደም ተከተሉ ነው። ተጠቃሚውን ከማወቅ ይነሳል፣ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ያስተምርሻል፣ ከዚያ ወረቀት ላይ መሞነጫጨር፣ ከዚያ ዋየርፍሬም (ቀለም የሌለው የስክሪን ንድፍ)፣ ከዚያ ፕሮቶታይፕ (እየተነካ የሚሞከር ናሙና)፣ ከዚያ ሰው ላይ መፈተሽ፣ ቀለምና ፎንት የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ ይሄን ቅደም ተከተል ለብቻሽ ማግኘት ከባድ ነው፣ አብዛኛው ቪዲዮ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። ስትጨርሺ ሦስት ፕሮጀክት በእጅሽ ይኖራል።

ስለ ክፍያው። ኮርሴራ ላይ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ። በኮርሱ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። ለምን እንደምትፈልጊው፣ ገቢሽ ምን እንደሚመስል፣ ኮርሱ ለምን ግብ እንደሚረዳሽ ትጽፊያለሽ። በራስሽ ቃል ጻፊው፣ ከሰው ላይ አትገልብጪ። መልሱ ሁለት ሳምንት አካባቢ ሊወስድ ስለሚችል ዛሬውኑ አመልክቺና እስኪመጣ ሌላ ነገር ጀምሪ። አንድ ነገር ልብ በይ፣ ሰርተፍኬቱ የበርካታ ኮርሶች ስብስብ ነው፣ ድጋፉ የሚጠየቀው ለእያንዳንዱ ኮርስ ለየብቻ ነው፣ ስለዚህ አንዱን ልትጨርሺ ስትቃረቢ ለቀጣዩ አስቀድመሽ ላኪ፣ አለበለዚያ መሀል ላይ ተቋርጠሽ ትቀሪያለሽ።

እንግሊዝኛው አያስፈራሽ። ከቪዲዮው ሥር የሚናገሩት በሙሉ ተጽፎ አለ። ፍጥነቱንም 0.75 አድርገሽ መስማት ትችያለሽ።

የሚጎድለውንም ልናገር። ሥራሽን የሚያርምልሽ አስተማሪ የለም፣ የሚያርሙሽ እንዳንቺው የሚማሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ከልቡ አንብቦ ይጽፍልሻል፣ አንዳንዱ ሳያይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቶሽ ያልፋል። ቆየት ባሉት ቪዲዮዎች ላይ ደግሞ አዶቤ ኤክስዲ የሚባል ፕሮግራም ልታዪ ትችያለሽ። አዶቤ ራሱ ከ2023 ወዲህ አያሳድገውም፣ እሱን ለመማር ጊዜ አታባክኚ፣ መልመጃውን በፊግማ ሥሪው።

ትዕግሥት_ፒክስል

ናቲ ያለው ልክ ነው ግን እኔ በሌላ በኩል ነው የምጀምረው። ወራት ሙሉ ቪዲዮ እያዩ ማስታወሻ እየጻፉ አንድም ስክሪን በእጃቸው ሳይሠሩ የደከማቸውን ልጆች አውቃለሁ። እጅሽ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሥራ። ፊግማ ነፃ አካውንት ከፍተሽ፣ ስልክሽ ላይ በየቀኑ የምትከፍቺውን አንድ አፕ ስክሪንሾት አንሺና አጠገቡ እንዳለ ሥሪው። ክፍተቱን ለኪ፣ የጽሑፉን መጠን ገምቺ፣ አዶዎቹን አሰልፊ። ያን ጊዜ ነው ዓይን የሚከፈተው። ለምን ይሄ ከዚህ እንደሚርቅ፣ ለምን አንዱ ቁልፍ ብቻ ቀለም እንዳለው ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል። ይሄ ለልምምድ ብቻ ነው፣ ፖርትፎሊዮ ላይ የራሴ ነው ብለሽ እንዳታወጪው።

ፊግማ ራሱ ለጀማሪ የሚሆን ተከታታይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ቻናሉ ላይ በነፃ አለው፣ አጫጭር ነው፣ ሲያወሩም አይቸኩሉም። ከዚያ ውስጥ አውቶ ሌይአውት (ይዘቱ ሲቀየር ክፍተቱን ራሱ የሚያስተካክል) እና ኮምፖነንት (አንዴ ተሠርቶ በየቦታው የሚደገም ቁራጭ) የሚሉትን ሁለቱን አጥብቀሽ ያዢ። እነሱን ያልቻለ ሰው አንድ ቃል በተቀየረ ቁጥር ሙሉ ገጹን በእጁ ሲያስተካክል ይውላል።

ላፕቶፕሽ ይችላል። ፊግማ የሚሠራው ብራውዘር ላይ ስለሆነ መጫን አያስፈልግም። በ4 ጂቢ ራም ግን ዩቲዩብና ፊግማን አንድ ላይ ከፍተሽ ይሠራል ብለሽ አታስቢ። ቪዲዮውን በስልክሽ እዪ፣ ላፕቶፑ ላይ ፊግማ ብቻ ይከፈት። የምታስገቢያቸውን ፎቶዎች መጀመሪያ አሳንሻቸው፣ ፋይሉን የሚያከብደው በአብዛኛው ፎቶ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ ሁሉንም ነገር አታከማቺ። ኔት ሲቋረጥ የተከፈተውን ፋይል አትዝጊው፣ ሥራሽን ቀጥዪ፣ ሲመለስ ራሱ ያስቀምጠዋል።

ስለ ቴሌግራሙ ኮርስ ደግሞ፣ ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። የሚያስተምረው ሰው ማነው፣ የሠራውን ማየት ይቻላል ወይ፣ የምሠራውን እያየ ያርምልኛል ወይ። ቪዲዮ ብቻ ከሆነ የሚሰጥሽ ከዚያ የተሻለ በነፃ አለ። ሥራሽን በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የሚያይልሽ ሰው ካገኘሽ ግን ለእሱ መክፈል ያዋጣል፣ ምክንያቱም በነፃ የማይገኘው እሱ ብቻ ነው። በአንድ ወር በዶላር የሚለውን እርሺው።

ኤልያስ_ገ

እኔ ዲቨሎፐር ነኝ፣ ከዲዛይነሮች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ኮርሶቹን በተመለከተ ከላይ ያሉት በደንብ ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው የትኛውም ኮርስ ላይ የማታገኚውን ነው፣ እሱም የእኛ ተጠቃሚ ነው።

አንድ የእቁብ መመዝገቢያ አፕ ሲፈተሽ አብሬ መርካቶ ሄጄ ነበር። ስልኩን ለአንዲት ጨርቅ ነጋዴ እናት ሰጠናቸው። ስማቸውን ጻፉ፣ ብሩን ጻፉ፣ ፈጣን ናቸው። ዕጣ የሚወጣበትን ቀን ይምረጡ የሚለው ላይ ሲደርሱ ካላንደሩ በፈረንጅ ወጣ። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ። ካላንደሩን የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ስክሪኑም ያምራል፣ ግን እሳቸው ዕጣ የሚያወጡት ወር በገባ በ12 ነው፣ የሚካኤል ዕለት። የውጭ አገር ኮርስ ይሄን ሊነግርሽ አይችልም።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብዙ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር አለው፣ ጳጉሜን ለሌላ አገር የተሠራ ካላንደር ውስጥ ቦታ የላትም። የትውልድ ዓመት ጠይቀሽ ሰውየው 1985 ብሎ ቢጽፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጠየቅሽ በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ትስቻለሽ። ሰዓትም እንደዚያው ነው፣ ቀጠሮ 2:00 ብለሽ ብታሳዪ አንዱ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይመጣል፣ ሌላው ከምሳ በኋላ። ስም ደግሞ እኛ ጋ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፣ ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ስታስቀምጪ አንዱ የአባቱን አንዱ የአያቱን ይሞላል፣ ከዚያ ከመታወቂያው ጋር አልገጥም ይላል። ስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምራል ብሎ የሚያስብ ፎርም እስካሁን አጋጥሞኛል፣ ሳፋሪኮም በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ስንት ነው። ዜሮውን ትቶ በ9 የሚጀምርም፣ በ251 የሚጀምርም አለ። ሁሉንም ተቀብሎ ራሱ የሚያስተካክል ሳጥን መሥራት የዲዛይነሩና የእኛ የዲቨሎፐሮቹ ሥራ ነው፣ ተጠቃሚውን ተሳስተሃል ብሎ በቀይ መጮህ ነውር ነው።

ፊደሉም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፊግማ ላይ ላቲን ብቻ የያዘ ፎንት መርጠሽ አማርኛ ስትጽፊ የሚወጣው ወይ ሌላ ፎንት ነው ወይ ባዶ ሳጥን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሁሉም አለው፣ በሱ ጀምሪ። እንግሊዝኛ ላይ ርዕስ ለማጉላት በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ፣ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፣ ስለዚህ በውፍረት፣ በመጠንና በክፍተት ነው የምታጎዪው። በመስመሮች መሀል ያለውንም ክፍተት ከእንግሊዝኛው ሰፋ አድርጊ፣ የእኛ ፊደል ከላይም ከታችም ጭረት ስላለው ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል። በእንግሊዝኛ 12 መጠን የሚነበበው በአማርኛ ላይነበብ ይችላል። ርካሽ ስልክ ላይ አድርገሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ እዪው።

እባካችሁ ይሄን ነገር የሚያስብ ዲዛይነር እንፈልጋለን። ብዙ ነው የሚያስፈልገን።

ሰብለ_ዱባይ

ሰላም ለሁላችሁም፣ የሕሊና ጥያቄ የእኔም ነው። እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው፣ ዋይፋይ ግን አለ። ማታ ከሥራ ስወጣ መማር እፈልጋለሁ። በስልክ ብቻ ይቻላል ወይስ ልተወው?

ትዕግሥት_ፒክስል

ሰብልዬ እንዳትተዪው። በስልክ ዲዛይኑን መሥራት ያስቸግራል፣ የፊግማ የስልክ አፕ በዋናነት ለማየትና ፕሮቶታይፕ ለመሞከር ነው የሚሆነው። ግን የሙያው ግማሽ ላፕቶፕ አይፈልግም። የኮርሴራ አፕ ቪዲዮውን አውርደሽ ያለ ኔት እንድታዪ ያደርግሻል። የኒልሰን ኖርማን ድረ ገጽ ላይ ያሉት ጽሑፎች በነፃ ይነበባሉ፣ ያኮብ ኒልሰንና ዶን ኖርማን በ1998 ያቋቋሙት ድርጅት ነው፣ የዚህ ሙያ አባቶች ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ኒልሰን በ1994 ያወጣቸውን አሥሩን የአጠቃቀም መርሆች ከዚያ አንብቢ። አንዱን መርህ ያዢና ስልክሽ ላይ ያለ አፕ ይሄን አሟልቷል ወይ ብለሽ ፈትሺ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ሲስተሙ ምን እየሠራ እንደሆነ ለሰው ያሳይ የሚል ነው። ብር ወደ አገር ቤት ስትልኪ፣ ከላክሽ በኋላ ደረሰ፣ አልደረሰም፣ እየሄደ ነው የሚልሽ ነገር አለ? ልብሽ ሲመታ የሚቆየው ያ መልስ ሲጠፋ ነው አይደል።

ስክሪኑን በደብተርና በእርሳስ ሥሪ። ገጽ በገጽ ሥለሽ ፎቶ አንሺው። ሰው ፊት ዘርግተሽ በጣትህ የምትነካው የቱ ጋ ነው ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ትልልቆቹም ድርጅቶች ያደርጉታል። ላፕቶፕ የምታገኚበት ቀን ሲመጣ የሚቀርሽ ፊግማን መልመድ ብቻ ይሆናል።

ሰብለ_ዱባይ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ብር መላኪያውን ነው የምይዘው፣ እኛ እዚህ ያለነው በየወሩ እሱ ላይ ነን።

ሕሊና_ሐዋሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ለኮርሴራው ድጋፍ አመልክቻለሁ፣ ፊግማም ከፍቻለሁ። አሁን የቀረኝ ለፖርትፎሊዮ ምን ልሥራ የሚለው ነው። ኮርሱ የሚሰጠውን ርዕስ ልውሰድ ወይስ የመሥሪያ ቤታችንን ሲስተም? ደግሞ 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የመንግሥት የኦንላይን ሥልጠና ላይ ይሄ ትምህርት አለ ወይ?

ናቲ_ዲዛይን

5 ሚሊዮን ኮደርስ ላይ ዩኤክስ የለም፣ ያሉት ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና ኤአይ ናቸው። ፊግማው ከተመቸሽ በኋላ የፕሮግራሚንጉን መሠረታዊ ክፍል ብትወስጂ ግን አይጎዳሽም፣ ነፃ ነው፣ ከእነ ኤልያስ ጋር ስትነጋገሪ ምን ቀላል ምን ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ርዕሱን በተመለከተ ያለማመንታት የመሥሪያ ቤትሽን ያዢ። ፖርትፎሊዮ ሳይ የሚሰለቸኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፣ የምግብ ማዘዣ፣ የሲኒማ ትኬት፣ የምግብ ማዘዣ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ርዕስ ስለወሰዱ ማን ምን እንደሚያስብ ማወቅ አልችልም። አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ። ደረሰኝ ሲመዘገብ የት ጋ እንደሚሳሳት፣ ወር መጨረሻ ላይ ምን እንደሚያስጨንቅ ታውቂያለሽ። ያን እውቀት የትም ኮርስ አይሰጥም፣ ለባንክና ለክፍያ አፕ የሚሠሩ ቡድኖች ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰው ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ደረሰኝ መመዝገብ የሚለውን አንዱን ሥራ ብቻ ውሰጂ፣ ሙሉ ሲስተሙን ልቀይር አትበይ። የሥራ ባልደረቦችሽን ፈቃድ ጠይቀሽ ሲመዘግቡ አጠገባቸው ተቀመጪ። ዝም ብለሽ እዪ፣ አትርጂ፣ እዚህ ጋ ንኪ አትበዪ፣ ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። የት ጋ እንደቆሙ፣ የት ጋ እንደተመለሱ፣ ወረቀት ላይ ምን እንደጻፉ ያዢ። ሰው ከስክሪን ላይ ወረቀት ላይ ከገለበጠ እዚያ ጋ ችግር አለ ማለት ነው። አምስት ሰው ይበቃል። ኒልሰን በ2000 የጻፈው ነገር አለ፣ በአምስት ሰው አብዛኛው ችግር ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ያው ነገር ነው የሚደጋገመው ይላል። ከዚያ አስተካክለሽ ሥሪና መልሰሽ ፈትሺ።

ፖርትፎሊዮው ላይ ስትጽፊው የሚያምረውን የመጨረሻ ስክሪን አስቀድመሽ አትደርድሪልኝ። መጀመሪያ ችግሩን፣ ከዚያ ያየሽውን፣ ከዚያ የሞከርሽውንና የጣልሽውን፣ ለምን እንደጣልሽው ጭምር። አንድ ጥሩ ታሪክ ከብዙ ግማሽ ሥራ ይሻላል።

ሥራው ቶሎ ይገኛል ብዬ አልዋሽሽም። ለጀማሪ የሚወጣ ክፍት ቦታ ጥቂት ነው፣ ያለውም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የሒሳብ ሥራሽን አትልቀቂ፣ ሁለቱን አብረሽ ይዘሽ ቆዪ።

ኤልያስ_ገ

ናቲ ባለው ላይ አንድ ጥንቃቄ። የመሥሪያ ቤቱን ስክሪንሾት እንዳለ ኢንተርኔት ላይ አታውጪ። የደንበኛ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የድርጅቱ ገቢ እዚያ ላይ አለ። ነባሩን ስክሪን በራስሽ ሳጥንና መስመር እንደገና ሥለሽ አሳዪ፣ ስሙንም ቁጥሩንም በፈጠራ ተኪ፣ ድርጅቱንም አንድ የግል ድርጅት በዪው። አለቃሽንም አስቀድመሽ ብታናግሪ ጥሩ ነው፣ ማን ያውቃል ሲስተሙን ለሚሠራላችሁ ድርጅት ሊልኩት ይችላሉ።

ሁለት ቁጥር ደግሞ ከአሁኑ ያዢ። የሚነካ ነገር ሁሉ አንድሮይድ ላይ ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ (dp፣ የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) ይሁን፣ ጽሑፍና ጀርባው መሀል ያለው የድምቀት ልዩነት (ኮንትራስት) ደግሞ ቢያንስ 4.5 ለ1። ኮንትራስቱን የሚለካ ነፃ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ፊግማ ውስጥ ታገኛለሽ። ቀጭን ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ የሚወዱ ዲዛይነሮች አሉ፣ እናቶቻችን ሊያነቡት አይችሉም።

ሕሊና_ሐዋሳ

ገባኝ። ሰኞ ከገንዘብ ያዥዋ ጋር እጀምራለሁ፣ እሷ ሁልጊዜ ቁጥሩን መጀመሪያ ብጣሽ ወረቀት ላይ ነው የምትጽፈው፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ዋየርፍሬም ስጨርስ ሊንኩን እዚህ ባስቀምጥ ታዩልኛላችሁ?

ትዕግሥት_ፒክስል

እናይልሻለን እንጂ! ሊንኩን ከመላክሽ በፊት ግን የፋይሉን ፈቃድ ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል ወደሚለው ቀይሪው፣ አለበለዚያ ስንከፍተው ፈቃድ ጠይቁ ይለናል። አስተያየት የምትፈልጊበትንም ለይተሽ ጻፊ፣ ለምሳሌ ቁጥር የሚሞላበት ገጽ ላይ ብቻ በዪን። እንዴት ነው ብቻ ካልሽ ሁሉም ያምራል ብሎሽ ነው የሚያልፈው።